ዳታ ማኔጀሩ ምን ይሠልጥን?



ሮማኒና ቱሪስት የሚረግጠው ሰፈር አይደለም። ከሮም መሀል ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚወስደው የሜትሮ ኤ መስመር አናኚና ላይ ያልቃል፤ ከዚያ ጥቂት አለፍ ሲባል፣ ከተማዋን ከሚዞረው የቀለበት መንገድ አጠገብ፣ የገበያ አዳራሾች፣ ቢሮዎችና የቶር ቬርጋታ ዩኒቨርሲቲ ሕንጻዎች ይመጣሉ። የሐበሻ ልጅ ግን ሰፈሩን በሰላም ፓላስ ነው የሚያውቀው። በአሪጎ ካቫሊዬሪ ጎዳና ያለው ትልቅ ሕንጻ በፊት የዚሁ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጽሑፍ ፋኩልቲ ነበር። ባዶ ሆኖ ሳለ በ2006 ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራ፣ ከሶማሊያና ከሱዳን የመጡ ስደተኞች ገቡበት፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ለዓመታት ኖረውበታል። የአውሮፓ ምክር ቤት የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽነር የነበሩት ኒልስ ሙይዥኒየክስ በ2012 መጥተው አይተውት በሪፖርታቸው ጽፈውበታል። ቺታዲኒ ዴል ሞንዶ የተባለው ማኅበር በጎ ፈቃደኛ ሐኪሞች እዚያው ገብተው ሕሙማን ሲያዩ ቆይተዋል። በ2020 የጸደይ ወራት ኮቪድ ሲገባበት ደግሞ ሕንጻው ተከቦ፣ መግቢያው ላይ ወታደር ቆሞ ነበር።

ከዚህ ብዙም ሳይርቅ ፖሊክሊኒኮ ቶር ቬርጋታ አለ። ሥራ የጀመረው በ2001 ሲሆን የዩኒቨርሲቲው ማስተማሪያ ሆስፒታል ነው፤ አዳዲስ መድኃኒቶች በሕሙማን ላይ የሚሞከሩባቸው ጥናቶችም ይካሄዱበታል። ስለ ዳታ ማኔጀሮች ሥልጠና የሚናገር ዲስኩር ከስደተኞች መኖሪያ መነሣቱ ያስገርም ይሆናል። ግን የነገሩ ውል ያለው እዚያ ነው። የሰላም ፓላስ ነዋሪ ታሞ ሆስፒታሉ ሲደርስ፣ ስሙን፣ የተወለደበትን ቀንና አድራሻውን የሚመዘግበው ሰው ምን ያህል ያውቃል? ያ መዝገብ በኋላ ለጥናት ሲገለበጥስ የሚገለብጠው ሰው ምን ያህል ያውቃል?

(በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያው ሲሆን ይነገራል። ይህን ማሳሰቢያ አለመርሳትም የሙያው አንድ ክፍል ነው።)

የሕክምና ምርምር መረጃ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ሐኪሙ ያየው፣ ነርሷ የለካችው፣ ላቦራቶሪው ያወጣው ውጤት መጀመሪያ በሕመምተኛው ካርድ ላይ ይጻፋል። ከካርዱ ወደ ጥናቱ ቅጽ ይገለበጣል፣ ከቅጹ ወደ ኮምፒውተር ይገባል፤ እዚያ ይጣራል፣ ይታረማል፣ በመጨረሻም ይቆለፋል። ከተቆለፈ በኋላ የስታቲስቲክስ ባለሙያው ይረከበዋል። በመሀል የማይመስል ቁጥር ወይም ባዶ ሣጥን ሲገኝ ጥናቱ ወደሚካሄድበት ጣቢያ የሚላከውን ጥያቄ ሠራተኛው «ኩዌሪ» ይለዋል። በሮም ሆስፒታሎች ዳታ ማኔጀር የሚባለው ሰው ብዙውን ጊዜ የሕሙማኑን ቀጠሮ ያስተባብራል፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴውን ወረቀት ያዘጋጃል፣ ናሙና ያስልካል፣ ቅጹንም ይሞላል። አዲስ አበባ ላይ ያው መጠሪያ ያለው ሰው ዳታቤዙን ይሠራል፤ የዳታ ክለርኮች አለቃም ነው። ስለዚህ ለሁለቱ አንድ ዓይነት ኮርስ መስጠት ገና ከመነሻው ጉድለት አለበት።

እስካሁን የሥልጠና ፍላጎት ሲጠና የተለመደው መንገድ መጠይቅ መበተን ነው። «በየትኛው ዘርፍ መሠልጠን ይፈልጋሉ?» ይባልና ምርጫው ይደረደራል፤ ሬድካፕ፣ ኤስፒኤስኤስ፣ አር፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት። መልሱ አስቀድሞ ይታወቃል። ሁሉም ሶፍትዌር ይፈልጋል፤ የስታቲስቲክስ ኮርስ ይፈልጋል። ሥልጠናው አበልና ሰርተፊኬት ካለው ደግሞ ፍላጎቱ ጣሪያ ይነካል። ይህን ሐሜት ነው የሚል ካለ፣ አንድ የአዳማ ሆቴል የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ግማሽ ቀን ተቀምጦ ማየት ይችላል።

የተሻለ መሣሪያ የለም ማለት አይደለም። ዴቦራ ሄነሲና ካሮሊን ሂክስ የተባሉ እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ ያዘጋጁትና የዓለም ጤና ድርጅት የተቀበለው መጠይቅ 30 ሥራዎችን ይዘረዝርና ስለ እያንዳንዱ ሁለት ጊዜ ይጠይቃል። አንደኛው፣ ይህ ሥራ ለኃላፊነትህ ምን ያህል አስፈላጊ ነው? ሁለተኛው፣ አሁን ምን ያህል በደንብ ትሠራዋለህ? በሁለቱ መልሶች መካከል ያለው ክፍተት የሥልጠናው ፍላጎት ነው። አሠራሩ ብልህ ነው፤ ሰው የሚወደውን ከሚያስፈልገው ይለይለታል። በ2014 ደግሞ የክሊኒካል ትራያል ባለሙያዎች የጋራ ግብረ ኃይል በሙያው ውስጥ ያለ ሰው ሊኖረው የሚገባውን ብቃት በስምንት ዘርፎች ከፍሎ አወጣ፤ አንደኛው ዘርፍ የመረጃ አያያዝ ነው። እነዚህ ሁሉ ይጠቅማሉ። ችግሩ ሰው የማያውቀውን ነገር አለማወቁን መጠይቅ ላይ ሊሞላ አለመቻሉ ነው። ቀን ከአንዱ አቆጣጠር ወደ ሌላው ሲቀይር አንድ ቀን እየዘለለ የሚጽፍ ሠራተኛ፣ ቀን መቀየር እችላለሁ ብሎ ሰባት ከሰባት ለራሱ ይሰጣል፤ አይዋሽም፣ እውነት መስሎታል።

ስሕተቱ የት እንደሚፈጠር ግን ከመረጃው ራሱ ሊነበብ ይችላል። በአሜሪካ ሜሬዲት ዞዙስና ባልደረቦቿ የብዙ ዓመታት ጥናቶችን ሰብስበው፣ በየደረጃው የሚፈጠረውን ስሕተት አስልተዋል። ከሕመምተኛው ካርድ እያነበቡ ወደ ጥናት ቅጽ በማውጣት ሥራ ላይ አማካይ የስሕተት መጠኑ 6.57 ከመቶ ሆነ። ቅጹን በኮምፒውተር አንድ ጊዜ በማስገባት ላይ 0.29 ከመቶ ነው፤ ሁለት ሰው ለየብቻ አስገብቶ ሲመሳከር ደግሞ 0.14 ከመቶ። ልዩነቱ ከሃያ እጥፍ በላይ ነው። ታዲያ ብዙ ሥልጠና የሚውለው የት ላይ ነው? ኪቦርዱ ላይ። ነገሩ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሆኗል፤ ካርድ ላይ ለተበላሸው የሚወቀሰው የዳታ ክለርኩ ነው።

ካርድ ላይ ምን ይበላሻል? ለኢትዮጵያ ሰው ነገሩን ለማየት አንድ ቀን ብቻ መውሰድ ይበቃል። በአንድ ካርድ ላይ «05/06/2014» ተብሎ ተጽፏል እንበል። የጻፈችው ነርስ ጎንደር ናት፤ የካቲት 5 ቀን 2014 ማለቷ ነው፣ በአውሮፓ ፌብሯሪ 12 ቀን 2022። ሮም ያለው ጣሊያናዊ ሲያነበው ጁን 5 ቀን 2014 ይሆንበታል። አሜሪካዊው ደግሞ ሜይ 6 ቀን 2014 ነው ይላል። ሦስቱም በየራሳቸው ልማድ ልክ ናቸው። ኮምፒውተሩም ሦስቱንም ሳያጉረመርም ይቀበላል። ሰባትና ስምንት ዓመት የዘለለው ስሕተት ቶሎ ይታያል፤ ሕፃኑ ሳይወለድ የተከተበ ይመስላልና ኩዌሪ ይወጣበታል። አደገኛው ትንሹ ነው። ጥር 11 ጥምቀት መሆኑን የማያውቅ የለም። በ2015 ዓ.ም. ጥምቀት ጃንዋሪ 19 ቀን ዋለ፤ በ2016 ዓ.ም. ግን ጃንዋሪ 20። ምክንያቱ ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን በምትሆንበት ዓመት ማግስት መስከረም 1 በሴፕቴምበር 12 ይብትና እስከ ፌብሯሪ መጨረሻ ድረስ ሁሉም ቀን በአንድ ይገፋል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈችውን አንድ የመቀየሪያ ሰንጠረዥ አምኖ የሚሠራ ሰው በእነዚያ ወራት የመዘገበው ሁሉ በአንድ ቀን ይሳሳታል። በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ሊሰጥ የሚገባው ክትባት ላይ ለሚደረግ ጥናት አንድ ቀን ሙሉ ነገር ነው። ይህን ስሕተት ደግሞ የትኛውም ሶፍትዌር አይይዘውም፤ የማይመስል ነገር የለውማ።

ሰዓቱስ? ሕመምተኛው መድኃኒቱን የዋጠው «ጠዋት 2 ሰዓት» ነው ይላል፤ ነርሷ 2:00 ብላ ትጽፋለች። ሁለተኛው ደም የተቀዳበትን ሰዓት የጻፈው የላቦራቶሪ ባለሙያ ግን በማሽኑ ሰዓት ነው የጻፈው፣ 10:00። በእውነቱ በመሀል ያለው ሁለት ሰዓት ነው። ወረቀቱ ላይ ስምንት ሰዓት ሆነ። መድኃኒት በደም ውስጥ ምን ያህል እንደሚቆይ ለሚያጠና ሰው ይህ ናሙና ሞቷል። አገር አቋራጭ በሆነው የጂሲፒ ኮርስ፣ ማለት በጥሩ የክሊኒካል ምርምር አሠራር ሥልጠና፣ ስለዚህ አንድ ቃል የለም፤ ሊኖርም አይችልም፤ ኮርሱን የጻፈው ሰው እኩለ ቀን ስድስት ሰዓት በሚባልበት አገር አላደገም።

የኢትዮጵያ የመስክ ሠራተኞች ይህን ከተዋወቁት ቆይተዋል። ቡታጅራ ላይ ከ1987 ጀምሮ፣ ዳባት ላይ ከ1996 ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞሩ ልደትንና ሞትን የሚመዘግቡ ጣቢያዎች አሉ። መዝጋቢው እናቲቱን «ልጅሽ መቼ ተወለደ?» ብሎ በቀጥታ አይጠይቅም፤ ከደርግ በፊት ነው በኋላ፣ ከ77ቱ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ድርቅ በፊት ነው በኋላ፣ ለመስቀል ነው ለፍልሰታ እያለ ያጠብበዋል። ዕድሜን በአምስትና በዐሥር የማሸጋሸግ ልማድን፣ ማለት 38ቱን 40 ማለትን፣ ቆጣሪዎቹ ከየትኛውም መጽሐፍ ቀድመው ያውቁታል። ይህ ዕውቀት ግን ሥልጠና ተብሎ አይጻፍም። አሮጌው መዝጋቢ ለአዲሱ በመንገድ ላይ ይነግረዋል፤ እሱ ሥራ ሲለቅ አብሮት ይሄዳል።

ወደ ሮም እንመለስ። ጣሊያን ውስጥ ሰውን የሚለየው ኮዲቼ ፊስካሌ ነው፤ 16 ፊደልና ቁጥር። ከኮኞሜው፣ ማለት ከቤተሰብ ስሙ፣ ሦስት ፊደል፣ ከስሙ ሦስት፣ የትውልድ ዓመት፣ ለወሩ አንድ ፊደል፣ ቀኑ፤ ሴት ከሆነች ቀኑ ላይ 40 ይደመርበታል። ከዚያ የትውልድ ቦታ ይከተላል፤ ለኢትዮጵያ ዜድ 315፣ ለኤርትራ ዜድ 368። እንግዲህ አበበ ከበደ ወልዴ የሚባል ሰው አለ እንበል። ሐበሻ ኮኞሜ የለውም፤ የአባትና የአያት ስም ነው ያለው። አንዱ ቢሮ ከበደን ኮኞሜ ካደረገው ኮዱ በኬ፣ ቢ፣ ዲ ይጀምራል። ሌላው ቢሮ ወልዴን ካደረገው በደብልዩ፣ ኤል፣ ዲ ይሆናል። አንድ ሰው ሁለት ሰው ሆነ ማለት ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ሳይኖረው በፊት ታክሞ ከነበረ ደግሞ በየስድስት ወሩ የሚታደስ ኤስቲፒ የሚባል ሌላ ኮድ ተሰጥቶት ነበር። የሆስፒታል መዝገብ ላይ ተመሥርቶ «ስንት ሕሙማን ተመልሰው መጡ» ብሎ የሚቆጥር ጥናት አበበን ሦስት ሰው አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል፤ ከሦስቱ ሁለቱ የጠፉ ይባላሉ።

አድራሻውም እንዲሁ ነው። በ2014 የወጣው ሕግ አንቀጽ 5 ያለ ፈቃድ በተያዘ ሕንጻ ውስጥ የሚኖር ሰው እዚያ ነዋሪ ተብሎ እንዳይመዘገብ ከልክሏል። ስለዚህ የሰላም ፓላስ ዓይነት ሕንጻ ነዋሪ የሚኖርበትን አድራሻ ወረቀቱ ላይ መጻፍ ይቸገራል፤ ሌላ ቦታ ይጻፍለታል። ሮም ውስጥ ቪያ ሞዴስታ ቫሌንቲ የሚባል አድራሻም አለ። ሞዴስታ ቫሌንቲ በ1983 በቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ታማ እርዳታ ሳታገኝ የሞተች ቤት አልባ ሴት ነበረች። ማዘጋጃ ቤቱ ቋሚ መኖሪያ የሌላቸውን ሰዎች የሚመዘግብበትን፣ ለወረቀት ብቻ የተፈጠረውን ጎዳና በስሟ ሰየመው። ይህን የማያውቅ ዳታ ማኔጀር ለክትትል ደብዳቤ ወደዚያ ይልካል። ከዚያም «ሕመምተኛው ምላሽ አልሰጠም» ብሎ ይመዘግባል።

ይህ የስደተኛ ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ካለ፣ የሮሙ ከፍተኛ የጤና ተቋም ከትግራይ ጤና ተቋማት ጋር ሆኖ ያደረገውን ጥናት ያስታውስ። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት የጀመሩ አዋቂዎች ምን ያህሉ በሕክምና እንደሚቆዩ ተከታትሎ፣ ውጤቱ በ2015 ፕሎስ ዋን ላይ ታትሟል። እንዲህ ባለ ጥናት ከባዱ ጥያቄ «ጠፋ» የሚለው ሣጥን ነው። ሞቶ ነው፣ ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ተዛውሮ ነው፣ ወይስ በሌላ ስም ሌላ ቦታ መድኃኒቱን እየወሰደ ነው? ያንን ለመለየት አር ማወቅ አይረዳም። ስልክ መደወልና ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው መጠየቅ ነው የሚረዳው።

የዚህ ዓይነቱ ጥንቃቄ ምን እንደሚያስገኝ ከምሥራቅ ጎጃም የተሻለ ምስክር የለም። በ2006 በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ታና የተባለ የትራኮማ ሙከራ ተጀመረ፤ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ካርተር ሴንተርና የአማራ ክልል ጤና ቢሮ ነበሩበት። አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት ለመንደሮች በዕጣ ተሰጠ፤ ለሌሎቹ ዘግይቶ። የሚለካው የዓይን በሽታው ነበር። ለዚያ ሲባል ግን ሠራተኞች ቤት ለቤት ዞረው ነዋሪውን በሙሉ በስም ቆጠሩ፤ በዓመቱም ተመልሰው ቆጠሩ። ሁለቱ ቆጠራዎች ሲመሳከሩ ያልታሰበ ነገር ወጣ፤ መድኃኒቱ በተሰጠባቸው መንደሮች ከ1 እስከ 9 ዓመት ያሉ ሕፃናት የመሞት ዕድል በግማሽ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። ውጤቱ በ2009 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር ጆርናል ላይ ታተመ። ያንን ፍንጭ ተከትሎ ኒጀር፣ ማላዊና ታንዛኒያ ላይ ሞርዶር የተባለው ግዙፍ ሙከራ ተካሄደ፤ በ2018 ሲታተም የሕፃናት ሞት በ13.5 ከመቶ መቀነሱን አሳየ። የግኝቱ መነሻ የዓይን ምርመራ አልነበረም። የጎንቻ ቆጣሪዎች የጻፉት የስም ዝርዝር ነው። አንድ ሕፃን በመጀመሪያው ቆጠራ «ይበልጣል»፣ በሁለተኛው «በላቸው» ተብሎ ቢሆን፣ ወይም ዕድሜው ዘጠኝ ሲሆን ዐሥር ተብሎ ቢሆን፣ እንዲህ ያለ ውጤት ተደናግሮ በቀረ ነበር። ቆጣሪዎቹን ያሠለጠነ ሰው ካለ ይመስገን፤ ያ ሥልጠና ግን በየትኛውም የዳታ ሳይንስ ካታሎግ ውስጥ አይገኝም።

ጎንደርም ተመሳሳይ ታሪክ አላት። ከ2003 ጀምሮ የምሥራቅ አፍሪካ የካላዛር ተመራማሪዎች ሊፕ በሚባል ኅብረት ተሰባስበው፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲና የአርባ ምንጭ ጣቢያዎችን ጨምረው፣ ሕክምናውን አሻሽለዋል። ሠላሳ ቀን ሲወጉት የነበረው ሕመምተኛ የሁለት መድኃኒት ቅንጅት በ17 ቀን እንደሚያድነው አሳዩ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2010 ተቀበለው። ኤችአይቪም ካላዛርም ላለባቸው ሰዎች ጎንደርና አብዱራፊ ላይ የተደረገው ሙከራ በ2019 ታትሞ፣ በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ውስጥ ገባ። በእነዚህ ጥናቶች የሚታከመው ሰው በአብዛኛው የደጋ ልጅ ነው፤ ለሰሊጥና ለማሽላ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ የወረደ የቀን ሠራተኛ። ታክሞ ከወጣ በኋላ በስድስተኛው ወር ተመልሶ መታየት አለበት። የት ይገኛል? ቅጹ ላይ የተጻፈው የእርሻው ቦታ ከሆነ፣ አጨዳው ካለቀ በኋላ እዚያ ሰው የለም። የሠለጠነ መዝጋቢ የትውልድ ቀበሌውን፣ የወንድሙን ስልክ፣ የሚያመልክበትን ደብር ሳይቀር ይጠይቃል። ያልሠለጠነው «ሁመራ» ብሎ ያልፋል።

የቁጥር ዕውቀት አያስፈልግም ማለት አይደለም። በአሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ በ2006 የታተመ ሥራ የካንሰር ሕሙማን ለየትኛው መድኃኒት ምላሽ እንደሚሰጡ ከጂናቸው መተንበይ ይቻላል አለና ሕሙማን ላይ ሙከራ ተጀመረ። ኪት ባገርሊና ኬቨን ኩምብስ የተባሉ የስታቲስቲክስ ሰዎች ጥሬ መረጃውን መስመር በመስመር ሲያዩ፣ የጂኖቹ ዝርዝር በአንድ መስመር ተንሸራቷል። አንዳንድ ቦታም የሚሠራውና የማይሠራው መድኃኒት ምልክት ተገልብጧል። ሙከራዎቹ በ2010 ቆሙ። እነዚያ ሰዎች ስሕተቱን ያገኙት ረቀቅ ያለ ቀመር ተጠቅመው አልነበረም፤ ዝርዝሩን ከምንጩ ጋር ቁጭ ብለው በማመሳከር ነው።

የሕጉ ክፍል በፍጥነት ይታለፍ፤ አሰልቺ ነው፣ ግን ሊዘለል አይችልም። አዲሱ የአውሮፓ ሕብረት የክሊኒካል ትራያል ደንብ ከጃንዋሪ 31 ቀን 2022 ጀምሮ ይሠራል። የጂሲፒው መመሪያ ሦስተኛ ክለሳ በጃንዋሪ 2025 ጸድቆ፣ ስለ መረጃ አስተዳደር ራሱን የቻለ ክፍል ይዞ መጣ። ጣሊያን በ2024 የግል መረጃ ሕጓን አንቀጽ 110 አሻሽላለች፤ ሊገኙ የማይችሉ ሕሙማንን መረጃ ለምርምር የመጠቀምን ነገር ይነካል። ኢትዮጵያም በዚያው ዓመት የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አወጣች። ጎንደርና ሮም አብረው በሚሠሩበት ጥናት ላይ ያለ ዳታ ማኔጀር አሁን የሁለቱንም አገሮች ሕግ ማወቅ ግዴታው ነው። ይህ ሥልጠና በመጠይቅ የሚፈለግ አይደለም፤ ሕጉ በወጣ ማግስት ለሁሉም የሚሰጥ ነው።

ታዲያ ፍላጎቱ እንዴት ይታወቅ? ከኩዌሪው መዝገብ መጀመር ይበጃል። ባለፈው ዓመት የተላከው እያንዳንዱ ኩዌሪ የትኛው ሣጥን ላይ እንደወጣ፣ ማን እንደመለሰው፣ ስንት ቀን እንደፈጀ ሲስተሙ ይዞታል። በሣጥን በሣጥን ቢደረደር፣ ሰነፉ ሠራተኛ ሳይሆን ክፉው ጥያቄ ቀድሞ ይታያል። ቀጥሎ ስሙ የተሰወረ አንድ የሕመምተኛ ካርድ ለአምስት ሠራተኞች ይሰጥ፤ ለየብቻቸው ቅጹን ይሙሉ። አምስቱ የተለያዩበት ቦታ ላይ ጣት ይደረግ። አምስቱም እዚያው ቦታ ከተሳሳቱ ጥፋቱ የቅጹ ነው፤ ሥልጠና አያድነውም። ኦዲኬ የተባለው የመስክ መረጃ መሰብሰቢያ ለምሳሌ የኢትዮጵያን ወራት የሚያሳይ የቀን መምረጫ አለው፤ ቅጹ ሲዘጋጅ አንድ ቃል ተጨምሮ ይህ ቢከፈት፣ ስለ ቀን አቀያየር ሊሰጥ የነበረው የሁለት ቀን ሥልጠና አያስፈልግም። ብዙ «የሥልጠና ፍላጎት» ተብሎ የሚጻፈው በእውነቱ የቅጽ ጉድለት ነው፤ ይህን የሚናገር አማካሪ ጥቂት ነው፣ ለቅጽ ማስተካከያ አበል አይከፈልማ።

አሠልጣኙም ከሌላ ቦታ ቢመጣ ይሻላል። ሮም ውስጥ በሆስፒታሎችና በጤና ጣቢያዎች የሚሠሩ የባህል አስተርጓሚዎች አሉ፤ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛ የሚናገሩ። አንድ የሐበሻ ሰው ሁለት የትውልድ ቀን ለምን እንደሚኖረው ከእነሱ በላይ የሚያስረዳ የለም። እነዚህ ሰዎች የሚጠሩት ሕመምተኛው ፊት ለማስተርጎም ብቻ ነው። የጥናቱ ቅጽ ሲነደፍ ወንበር አይሰጣቸውም። በጎንደር በኩልም የካርድ ክፍል ሠራተኛውና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ እንደዚያው ናቸው፤ መረጃው የሚወለደው በእነሱ እጅ ሆኖ ሳለ የሥልጠናው ተጋባዥ ዝርዝር ውስጥ የሉም።

አንድ ነገር ደግሞ ከሥልጠና ውጭ ነው። ዳታ ማኔጀሩ በጣሊያን እንደ ነርስ ወይም እንደ ፋርማሲስት የሙያ መዝገብ የለውም፤ ብዙው የሚሠራው በጊዜያዊ ኮንትራት ወይም በምርምር ስኮላርሺፕ ገንዘብ ነው። በ2017 መጨረሻ የወጣው የበጀት ሕግ ኢርክስ ለሚባሉት የምርምር ሆስፒታሎች የተመራማሪዎችና የምርምር ረዳቶች የሥራ መደብ ፈጥሯል፤ ሌሎቹን ሆስፒታሎች ግን አይነካም። ኢትዮጵያ ውስጥም ብዙውን ደመወዝ የሚከፍለው ፕሮጀክቱ ነው፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ኮንትራቱ ያልቃል። የሠለጠነው ሰው ወደ ባንክ ወይም ወደ ሌላ ድርጅት ይሄዳል፤ ቀጣዩ ፕሮጀክት አዲስ ሰው ይቀጥርና «የሥልጠና ፍላጎት አለ» ብሎ ይጽፋል። የአውሮፓና የአፍሪካ አገሮች በጋራ የሚሠሩበት የክሊኒካል ትራያል አጋርነት፣ ኢዲሲቲፒ፣ ከ2003 ጀምሮ ለእንዲህ ያለው ምርምርና ሥልጠና ገንዘብ ይመድባል፤ አሁንም በሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ነው። ከዚያ ገንዘብ ለማግኘት ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው «ስንት ሰው ይሠለጥናል» ከሚለው ጎን «ባለፈው ከሠለጠኑት ስንቱ አሁን በሥራው ላይ አለ» የሚል መስመር ቢጨምር ማንም አይከለክለውም።

ሥልጠናው ከተሰጠ በኋላ የሚለካውም በሰርተፊኬት ብዛት መሆን የለበትም። በእነዚያው ሣጥኖች ላይ፣ በቀኑ፣ በሰዓቱ፣ በስሙና በአድራሻው ላይ የሚወጣው ኩዌሪ ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ይቆጠር። ከቀነሰ ሥልጠናው ሠርቷል። ካልቀነሰ ቅጹ እንደገና ይታይ። ቅጹም ደህና ከሆነ፣ ሠራተኛው ላይ ሌላ ኮርስ ከመጫን በፊት ብቻውን ስንት ጥናት እንደያዘ ይጠየቅ።